የአንድ ሳምንት ዕረፍት በኬራላ፦ ከቢጫ ካርዱ እስከ መመለሻው በረራ

በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ወዳለው ኬራላ የሚደረግ አጭር ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው እዚያ ከተደረሰ በኋላ አይደለም፤ ገና ቲኬት ሲቆረጥ ነው። የልጆቹ ትምህርት እስኪዘጋ ጠብቆ በሐምሌ የሚሄድ ሰው ዝናብ መሀል ይገባል። የክትባት ካርዱን ያላሰበ ከአውሮፕላን ማረፊያ ይመለሳል። በሰባት ቀን ኮቺንም፣ ሙናርንም፣ ጎዋንም፣ «እግረ መንገዴን» ደግሞ ታጅ ማሃልንም ልይ ያለ ዕረፍቱን መኪና ውስጥ ይጨርሰዋል። ታጅ ማሃል ከኮቺ በመኪና ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ እግረ መንገድ የሚባል ነገር የለም።

የሚከተለው ዕቅድ ለሰባት ሌሊት ነው። ደረጃዎቹን አትዝለሉ፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹ አራቱ አንዱ በአንዱ ላይ የቆመ ነው። ዓመቱን በፈረንጆቹ፣ ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ። ቲኬትና መተግበሪያ ላይ የምታዩት ግን የፈረንጁን ስለሆነ ስድስት ሰዓት መቀነስና መደመሩን አትርሱ።

ደረጃ 1፦ ወቅቱን ቁረጡ

ዋናው ዝናብ ኬራላ የሚገባው በግንቦት መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ ጁን 1 ገደማ ሲሆን እስከ መስከረም ይቆያል። ከእኛ ክረምት ጋር ግጥም ያለ ነው። በዚህ ወቅት ባሕሩ ይቆጣል፤ የነፍስ አድን ሠራተኞች ወደ ውኃው አያስገቧችሁም። ከጁን 9 እኩለ ሌሊት እስከ ጁላይ መጨረሻ ደግሞ ትልልቆቹ የአሣ ማጥመጃ ጀልባዎች ለ52 ቀን ወደ ባሕር እንዳይወጡ ይታገዳሉ፤ ስለዚህ ለአሣ ብላችሁ ከሄዳችሁ ጊዜው የባሰ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሁለተኛ ዝናብ አለ፤ ይኸኛው ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ በነጎድጓድ መጥቶ ይሄዳል። ከየካቲት ማብቂያ እስከ ግንቦት ያለው ሙቀት ከእርጥበት ጋር ተደርቦ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ያጣብቃል።

ከታኅሣሥ መግቢያ እስከ የካቲት አጋማሽ ያለውን ያዙ። ከዚያ ውስጥ አንድ ሳምንት ምረጥ ብባል በገናና በጥምቀት መካከል ያለውን እወስዳለሁ። ጾሙ ተፈትቷል፣ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ስላለፈ የማረፊያ ዋጋ ከጫፉ ወርዷል፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። አንድ እንከን አለው፦ ወደ ሳባሪማላ ቤተ መቅደስ የሚጎርፉት ተሳላሚዎች ቁጥር ጃንዋሪ 14 አካባቢ ጫፍ ስለሚደርስ ባቡሩ ይጨናነቃል። ባቡሩን ቀድማችሁ ከያዛችሁ ግን አይነካችሁም።

ከዱባይ፣ ከዶሃ ወይም ከሙስካት የምትነሱ ሌላም ነገር አስቡ። በገልፍ የሚሠሩት የኬራላ ሰዎች በብዛት ወደ አገራቸው የሚገቡት በጁላይና በኦገስት፣ ለኦናም (የኬራላ የመከር በዓል) እና በዲሴምበር ሁለተኛ አጋማሽ ነው። በእነዚህ ቀናት የአራት ሰዓቱ በረራ ዋጋ ሰማይ ይነካል። ቀኑን በሁለት ሳምንት ወዲያ ወዲህ ብታደርጉት ልዩነቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 2፦ መንገዱን በአንድ መስመር አስምሩ

ኬራላ በባሕሩ ዳርቻ የተዘረጋ ቀጭንና ረጅም ግዛት ነው። ስለዚህ ከሰሜን ወደ ደቡብ ውረዱ እንጂ አትመላለሱ።

- ፎርት ኮቺ፦ 2 ሌሊት (የኮቺ አሮጌው ሰፈር)
- አላፑዛ፦ 2 ሌሊት (ድሮ አለፒ ይባል ስለነበር ሁለቱንም ስም ትሰማላችሁ)
- ቫርካላ፦ 3 ሌሊት
- መውጫ፦ ከትሪቫንድረም አውሮፕላን ማረፊያ

ከፎርት ኮቺ አላፑዛ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአላፑዛ ቫርካላ በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ፤ ከቫርካላ ትሪቫንድረም አውሮፕላን ማረፊያ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ርቀቱ አጭር መስሎ አይታያችሁ። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ቤትና ሱቅ ስለሆነ መኪና በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነዳበት ቦታ ጥቂት ነው።

«ሙናርስ?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ሙናር ከኮቺ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ግን ጠመዝማዛ ዳገት ስለሆነ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጃል፣ መመለሻውም እንደዚያው። የሻይ ተክሉ ያምራል፤ ነገር ግን ተራራና ብርድ ጠግቦ ያደገ ሰው ለባሕር ከወጣበት ሳምንት ላይ ሁለት ቀን ቆርጦ ወደ ተራራ መውጣቱ አይዋጥልኝም። አሥር ሌሊት ካላችሁ ጨምሩት።

ደረጃ 3፦ ሰነዶቹን በዚህ ቅደም ተከተል አዘጋጁ

ቢጫ ካርዱ ይቅደም። ሕንድ ኢትዮጵያን የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ውስጥ ስለምትቆጥር ከኢትዮጵያ የሚነሳ መንገደኛ የክትባት ካርድ ማሳየት አለበት። ካርዱ የሚሠራው ከተከተባችሁበት ቀን ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ዛሬ ተከትቦ ነገ መብረር የለም። ያለ ካርዱ የደረሰ ሰው እስከ ስድስት ቀን ተለይቶ ሊቆይ ይችላል፤ የሰባት ሌሊት ዕረፍት በዚያው አለቀ ማለት ነው። አንዴ የተከተበ ሰው ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግለዋል፤ ስለዚህ ከአሥር ዓመት በፊት የወሰዳችሁትን ፈልጉት፤ ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር መመሳሰሉንም እዩ።

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ መጥታችሁ አዲስ አበባ ቤተሰብ ጠይቃችሁ ወደ ሕንድ የምትሻገሩም ካርዱ ይመለከታችኋል። የሚታየው ባለፉት ስድስት ቀናት የነበራችሁበት አገር ነው፤ የፓስፖርቱ ቀለም አያድናችሁም። ገልፍ የምትኖሩና በቅርቡ አገር ቤት ያልገባችሁ በሕጉ ባትገደዱም ካርዱ ካላችሁ ያዙት። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያየ ሠራተኛ ሊጠይቃችሁ ይችላልና።

ቪዛው ይከተል። ፓስፖርቱ ከመግቢያችሁ ቀን ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወርና ሁለት ባዶ ገጽ ይኑረው። ከዚያ፦

1. ወደ ሕንድ መንግሥት የቪዛ ድረ ገጽ ግቡ። አድራሻው በ«ጎቭ ዶት ኢን» የሚያልቀው ብቻ ነው እውነተኛው። ስትፈልጉ መጀመሪያ ላይ የሚመጡት ማስታወቂያዎች ብዙ ጊዜ እጥፍ የሚያስከፍሉ ደላሎች ናቸው።
2. የፓስፖርታችሁን አገር ከኤሌክትሮኒክ ቪዛ ዝርዝሩ ውስጥ ፈልጉ። ከሌለ ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ኤምባሲው ሂዱ።
3. የ30 ቀኑን የቱሪስት ቪዛ ከመግቢያችሁ 30 ቀን በፊት ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፤ ከአራት ቀን በታች ከቀረ አይቻልም። እስከ መጨረሻው አትጠብቁ።
4. ስማችሁን ፓስፖርቱ ላይ በየትኛው መስመር እንደሰፈረ በዚያው ገልብጡ። የአያት ስም በአንዱ ፎርም ገብቶ በሌላው ከተዘለለ ቲኬቱና ቪዛው ይለያያሉ፤ የእኛን ሰው ሰልፍ ላይ የሚያስቆመው ይኸው ነው።
5. ሕንድ ውስጥ የሚያውቃችሁ ሰው ስምና ስልክ ሲጠይቅ የመጀመሪያውን ማረፊያችሁን አስገቡ። የእናትና የአባት ስምና የትውልድ ቦታ፣ ሃይማኖት፣ ባለፉት አሥር ዓመታት የሄዳችሁባቸው አገሮች ይጠየቃሉ፤ ከመጀመራችሁ በፊት በወረቀት አዘጋጁት።
6. መጀመሪያ ላይ የሚሰጠውን ጊዜያዊ ቁጥር ጻፉ። ገጹ መሀል ላይ ቢዘጋ ካቆማችሁበት የምትቀጥሉት በእርሱ ነው።

ክፍያው ከሂሳባችሁ ተቀንሶ ገጹ «አልተከፈለም» ካለ ወዲያው ደግማችሁ አትክፈሉ። ጥቂት ሰዓት ጠብቃችሁ ሁኔታውን በቁጥሩ ፈትሹ። መልሱ ሲመጣ «ተፈቅዷል» የሚለውን አረጋግጡና በወረቀት አትሙት። የኤሌክትሮኒክ ቪዛ በተወሰኑ አውሮፕላን ማረፊያዎች ብቻ ያስገባል፤ ኮቺ፣ ትሪቫንድረም፣ ሙምባይና ቤንጋሉሩ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

በመጨረሻም የመግቢያ ቅጹ አለ። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ የውጭ ዜጋ ከመድረሱ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት የሚሞላው ነው። ክፍያ የለውም፤ ክፈሉ የሚል ካጋጠማችሁ ሐሰተኛ ገጽ ላይ ናችሁ።

ደረጃ 4፦ በረራውን ቁረጡ

ከአዲስ አበባ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በሙምባይ ወይም በቤንጋሉሩ ገብቶ በአገር ውስጥ በረራ ወደ ኮቺ መቀጠል፤ ሁለተኛው በገልፍ ከተሞች በኩል ቀጥታ ኮቺ መግባት። ዋጋው ከተቀራረበ ሁለተኛውን ውሰዱ። የመግቢያ ፍተሻውን ኮቺ ላይ ትጨርሳላችሁ፣ ሻንጣም መሀል ላይ አትጎትቱም። ሲመለሱ ከትሪቫንድረም እንዲሆን «መግቢያና መውጫ የተለያየ ከተማ» የሚለውን ምርጫ ተጠቀሙ።

በሙምባይ ወይም በቤንጋሉሩ ከሄዳችሁ እነዚህን አጥብቃችሁ ያዙ፦

- ሁለቱን በረራ በአንድ ቲኬት ግዙ። ለየብቻ ከገዛችሁ መሀሉ ላይ ቢያንስ አምስት ሰዓት ተዉ፤ ጣት አሻራ፣ ሻንጣ፣ ጉምሩክና አንዳንዴም የሕንፃ ለውጥ አለበት።
- የአገር ውስጥ በረራ የተለመደው የሻንጣ ልክ 15 ኪሎ ነው። በዓለም አቀፉ በረራ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይዞ የመጣ ሰው ትርፉን በኪሎ ይከፍላል።
- ወደ ሕንፃው በር ለመግባትም ቲኬትና ፓስፖርት ይጠየቃል፤ በሩ ላይ የቆመው ወታደር ነው የሚያየው። ስልካችሁ ባትሪ ቢጨርስ እንዳትጉላሉ ቲኬቱን አትሙት።
- ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል የሚነሳ በረራ ቀኑ ተቀይሯል። ቲኬቱ ላይ ቀኑ 12 ካለ ከቤት የምትወጡት በ11ኛው ቀን ማታ ነው። ሕንድ ከአዲስ አበባ ሁለት ሰዓት ተኩል ትቀድማለች።

ሻንጣ ውስጥ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ አትክተቱ፤ ሕንድ ከ2019 ጀምሮ አግዳዋለች። የሳተላይት ስልክ ደግሞ ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት ያሳስራል።

ደረጃ 5፦ ማረፊያና ባቡር

ማረፊያ ስትይዙ ከዋጋው በፊት አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ላኩ፦ «የውጭ ዜጋ ትቀበላላችሁ? ፎርም ሲ ትሞላላችሁ?» ማንኛውም ማረፊያ የውጭ እንግዳን ለመንግሥት የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ትንንሾቹ ይህን ስለማይሠሩ ሻንጣችሁን ይዛችሁ ደጃፍ ላይ ሊመልሷችሁ ይችላሉ። ዋጋውም ግብር የተጨመረበት መሆኑን ጠይቁ። ፎርት ኮቺ ውስጥ ከሆቴል ይልቅ ቤተሰብ የሚያከራየውን ክፍል እመርጣለሁ። ቁርሱ ከቤቱ ምድጃ ነው፤ ባለቤቶቹም ከታች ላለው የባቡር ጣጣ ይጠቅሟችኋል።

የባቡር ቲኬት ከጉዞው 60 ቀን በፊት ይከፈታል። የመንግሥቱ ድረ ገጽ የሕንድ ስልክ ቁጥር ስለሚወድና የውጭ ባንክ ካርድ ስለሚያስቸግር ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። አትታገሉት። ለማረፊያችሁ ባለቤት በዋትስአፕ የፓስፖርት ስማችሁን፣ ዕድሜያችሁን፣ ቀኑንና ባቡሩን ልካችሁ እንዲቆርጥላችሁ ጠይቁ፣ ሂሳቡንም ስትደርሱ ስጡት።

ቲኬቱ ሲመጣ ሁኔታውን አንብቡ። «የተረጋገጠ» ካለ ወንበር አላችሁ። «ተጠባባቂ» ካለ ቲኬት የላችሁም ብላችሁ ቁጠሩ፤ ተሳፍራችሁ ከተገኛችሁ ትቀጣላችሁ። ባቡሩ ከሞላ ከአላፑዛ ቫርካላ በታክሲ ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ ለሦስት ለአራት ሲካፈሉት አይከብድም።

ጣቢያውን አትሳቱ። ኮቺ ውስጥ ኤርናኩላም ጃንክሽንና ኤርናኩላም ታውን የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ጣቢያዎች አሉ። የቫርካላው ጣቢያ ሙሉ ስም ቫርካላ ሲቫጊሪ ነው፤ ባቡሩ እዚያ የሚቆመው ለደቂቃ ለሁለት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ከመድረሳችሁ አሥር ደቂቃ በፊት ሻንጣ ይዛችሁ በሩ ላይ ቁሙ።

ደረጃ 6፦ ገንዘብና ስልክ

አገር ቤት ባንክ ስትሄዱ ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ያዙ። ሩፒ ከውጭ ይዞ መግባት ለእኛ አይፈቀድም፤ ዶላር ይዛችሁ እዚያ ቀይሩ። በጥሬው ከ5,000 ዶላር በላይ ከያዛችሁ መግቢያው ላይ አስመዝግቡ። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ለታክሲና ለእራት የሚበቃውን ብቻ ቀይራችሁ ቀሪውን ከተማ ውስጥ ፈቃድ ባለው መንዛሪ ቀይሩ፤ ደረሰኙንም ያዙ።

ማንም ባለ 2,000 ሩፒ ኖት ቢሰጣችሁ አትቀበሉ። በ2023 ከዝውውር እንዲወጣ ተደርጓል፤ ባለ ሱቅ አይወስድላችሁም። የአገሩ ሰው ሙዝ ሲገዛ እንኳ በስልኩ ኪውአር ስለሚከፍል ዝርዝር የሚመልስላችሁ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። መንዛሪውን ባለ 50ና ባለ 100 እንዲሰጣችሁ ወትውቱት።

ለስልክ ከአገራችሁ ሳትወጡ ኢሲም መግዛት ይቀላል። የአገሩ ሲም ፓስፖርት፣ የቪዛ ቅጂና ፎቶ ይጠይቃል፤ እስኪከፈትም ሰዓታት ይወስዳል። የአውሮፕላን ማረፊያው ዋይፋይ የማረጋገጫ ኮድ በስልክ መልእክት ስለሚልክ የሚሠራ ቁጥር ከሌላችሁ አትተማመኑበት። የማረፊያችሁን አድራሻና ስልክ በወረቀት ጻፉ።

ደረጃ 7፦ ፎርት ኮቺ

ከአውሮፕላን ማረፊያው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሕንፃው ውስጥ ካለው ቅድሚያ ከሚከፈልበት የታክሲ መስኮት ደረሰኝ ቁረጡ፤ ደረሰኙን ለሹፌሩ የምትሰጡት ስትደርሱ ነው። ወደ ኤርናኩላም ከተማ ለመሻገር ባጃጅ አትያዙ፤ ከ2023 ጀምሮ የሚሠራው የውኃ ሜትሮ ጀልባ ንጹሕና ቀዝቃዛ ነው፣ ዋጋውም የጥቂት አሥር ሩፒ ጉዳይ ነው።

ባጃጅ ነጂው በጣም በረከሰ ዋጋ «ከተማውን ላዙርህ» ካለ መጨረሻው የቅመምና የምንጣፍ መደብር ነው፤ ለእርሱ ኮሚሽን አለው። «መደብር የለም» ብላችሁ ተነሱ። ባሕሩ ዳር ያሉት የቻይና መረብ የሚባሉት ላይ አጥማጆቹ ገመዱን እንድትስቡ ይጋብዟችኋል፤ ደስ ይላል፣ ግን ጉርሻ ይጠበቃል።

ከፎርት ኮቺ አጠገብ ባለው ማታንቼሪ ሰፈር ያለው የአይሁድ ምኩራብ ቅዳሜ፣ አጠገቡ ያለው ቤተ መንግሥት ደግሞ ዓርብ ዝግ ነው። ስለዚህ ሁለቱን በሌላ ቀን አድርጉ። ለካታካሊ (የኬራላ ባህላዊ የዳንስ ቴአትር) ትርዒት ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ግቡ። ተዋንያኑ ወለል ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን አረንጓዴና ቀይ ሲቀቡ ማየቱ ከትርዒቱ ራሱ አያንስም።

ደረጃ 8፦ አላፑዛና ሃውስቦቱ

ሰው የሚበሳጨው እዚህ ነው። ሃውስቦት ቤት የተሠራበት ጀልባ ነው፤ አንድ ሌሊት ይበቃል። መደበኛው ሰዓት ቀን 6 ሰዓት ገብቶ በማግሥቱ ጠዋት 3 ሰዓት መውጣት ነው። ጀልባው ግን ሌሊቱን ሙሉ አይሄድም፤ አጥማጆች መረብ ስለሚጥሉ ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ ዳር ይቆማል። ብዙዎቹ የክፍሉን አየር ማቀዝቀዣ የሚከፍቱት ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ብቻ ነው። ይህን ሳያውቅ የከፈለ ሰው ተታለልኩ ይላል።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን በጽሑፍ አረጋግጡ፦

1. የዚያችን ጀልባ ስምና ፎቶ፤ «ተመሳሳይ» የሚለውን አትቀበሉ።
2. ስንት መኝታ ክፍል እንዳላት፣ ሌላ ቤተሰብ አብሮ ይሳፈር እንደሆነ።
3. ማቀዝቀዣው የሚሠራበት ሰዓት።
4. የት እንደምታድር። ሃያ ጀልባ ተደርድሮ ጄኔሬተር የሚያንደቀድቅበት ቦታ አለ፤ ጸጥ ያለ ቦይ ጠይቁ።
5. ምሳ፣ እራትና ቁርስ በዋጋው ውስጥ መኖሩን።

የሚቻል ከሆነ ቀብዱን ትንሽ አድርጉና ጠዋት ራሳችሁ ወርዳችሁ እዩ። መታጠቢያ ቤቱን ክፈቱ፣ ውኃውን ልቀቁ፣ አልጋው ላይ ተቀመጡ። የሕይወት ጃኬቱን በሰው ልክ ቁጠሩ፤ ከቁም ሣጥን ጫፍ ላይ ታስሮ የተቀመጠ ሳይሆን ወዲያው የሚለበስ ይሁን። በሜይ 2023 ታኑር በሚባለው የኬራላ ቦታ ከልክ በላይ የጫነ የመዝናኛ ጀልባ ተገልብጦ 22 ሰዎች ሞተዋል። ጃኬት የሌለውን ጀልባ ቀብድ ጥላችሁ ውረዱ።

ለሁለተኛው ሌሊት ቦዩ ዳር ያለ የቤተሰብ ማረፊያ ያዙና በማለዳ ለሦስት ሰዓት ያህል በመቅዘፊያ ታንኳ ውጡ። ትልልቁ ጀልባ የማይገባበት ጠባብ ቦይ ውስጥ ትገባላችሁ። ሴትዮዋ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አሣ ስትፍቅ፣ ልጆች ለትምህርት ቤት ጀልባ ሲሰለፉ በእጅ በሚነካ ርቀት ታያላችሁ። እውነቱን ለመናገር ገንዘብ ካጠረ ሃውስቦቱን ትታችሁ ይህን ብቻ አድርጉ። ከአላፑዛ ኮታያም የሚሄደው የመንግሥት ጀልባም በሳንቲም ዋጋ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በዚያው ሐይቅና ቦይ ይወስዳችኋል።

ደረጃ 9፦ ቫርካላና ባሕሩ

ቫርካላ ገደል አፋፍ ላይ የተሠራ መንደር ነው፤ ባሕሩ ከሥር ነው። ገደሉ ይናዳል፤ ማታ በስልክ መብራት ሂዱ፣ ጫፉ ላይ ቆማችሁ ፎቶ አትነሱ።

ባሕር ሳያይ ላደገ ሰው የሚከተለው ከቪዛው ይበልጣል። የሐይቅ ዋና የባሕር ዋና አይደለም። ቀይ ባንዲራ ካለ እግራችሁን ብቻ አስነኩ። ነፍስ አድን ሠራተኛ በሌለበት ቦታና ከጨለመ በኋላ አትግቡ። ከመግባታችሁ በፊት አሸዋው ላይ አምስት ደቂቃ ቁማችሁ ውኃውን ተመልከቱ። ሞገዱ ግራና ቀኝ ነጭ አረፋ እየሠራ ሲሰበር መሀሉ ላይ ጸጥ ያለ፣ ጠቆር ያለ መተላለፊያ ካያችሁ እርሱ ነው አደገኛው፤ ውኃው ወደ ውስጥ የሚመለስበት ነው። የተረጋጋ ስለሚመስል ዋና የማይችል ሰው የሚመርጠውም እርሱን ነው።

ከተወሰዳችሁ፦ ወደ ዳርቻው አትታገሉ፤ ጉልበት ያስጨርሳችኋል። በጀርባችሁ ተንሳፈፉ፣ አንድ እጅ አንሡ፣ ጩኹ። መዋኘት ከቻላችሁ ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን ዋኙ፤ ጉተታው ሲለቃችሁ ወደ አሸዋው ተመለሱ። ሌላ ሰው ሲወሰድ ካያችሁ ተከትላችሁ አትግቡ፤ ባዶ ጀሪካን ወይም የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩና ነፍስ አድኑን ጥሩ።

ወደ ትሪቫንድረም ወርዳችሁ የፓድማናባስዋሚን ቤተ መቅደስ ውስጡን ለማየት ካሰባችሁ ቀን አታጥፉ፤ ሂንዱ ያልሆነ አይገባም። በኬራላ ሌሎች ብዙ ቤተ መቅደሶችም እንዲሁ ናቸው።

ደረጃ 10፦ ምግብና ጾም

ቃሪያው አይበግራችሁም። የሚያሳስተው «ቬጅ» የሚለው ጽሑፍ ነው። ሕንድ ውስጥ ቬጅ ማለት ሥጋ፣ አሣና ዕንቁላል የለበትም እንጂ ወተት፣ እርጎና የተነጠረ ቅቤ (ጊ) አለበት። የታሸገ ምግብ ላይ ያለው አረንጓዴ ነጥብም ያው ነው። ጾመኛ ከሆናችሁ «ወተት የለም፣ እርጎ የለም፣ ጊ የለም» ብላችሁ ሦስቱንም በስማቸው ቁጠሩ። ለቁርስ ፑቱ (በእንፋሎት የበሰለ የሩዝ ዱቄት) ከጥቁር ሽምብራ ወጥ ጋር፣ ወይም አፓም ከአትክልት ወጥ ጋር እዘዙ፤ አፓም ከሩዝ ሊጥ ቦክቶ የሚጋገር፣ ጠርዙ ስስ መሀሉ ወፍራም የሆነ የእንጀራ ታናሽ ወንድም ነው። ወጡ በኮኮናት ወተት ይሠራል። ዶሳ (ስስ የሩዝ ቂጣ) ስታዝዙ «ያለ ጊ» በሉ።

ሐላል ለሚፈልግ ኬራላ ቀላል አገር ነው፤ የሙስሊም ምግብ ቤት በየከተማው አለ። እሑድ ቅዳሴ ለሚፈልግ ኦርቶዶክሳዊ ደግሞ በእምነት ከእኛ ጋር አንድ የሆነችው የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያዎች በብዛት አሉ፤ የማረፊያችሁን ባለቤት ሰዓቱን ጠይቁ።

ምግብ ቤት ውስጥ ሮዝ ቀለም ያለው ለብ ያለ ውኃ ቢቀርብላችሁ አትደንግጡ፤ በእንጨት ስንጣሪ የፈላ ውኃ ነው። ሌላ ጊዜ ክዳኑ ያልተነካ የታሸገ ውኃ ጠጡ፣ በረዶ አታስጨምሩ። የመጠጥ መሸጫዎች በፈረንጆቹ ወር 1ኛ ቀን ይዘጋሉ፤ ከ23 ዓመት በታች ለሆነም አይሸጥም።

ደረጃ 11፦ ሲበላሽ

- ሆድ ከተበላሸ፦ በዱቄት የሚሸጠውን የድርቀት ማካካሻ ንጥረ ነገር ከማንኛውም መድኃኒት ቤት ግዙ፤ ስሙ «ኦአርኤስ» ነው። ደም ካለበት ወይም በሁለት ቀን ካልተሻለ ሐኪም ቤት።
- ብርቱ ትኩሳትና የአጥንት ቁርጥማት ከመጣ፦ ዴንጊ ሊሆን ይችላል። ፓራሲታሞል ብቻ ውሰዱ፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አትንኩ። በዚያው ቀን ደም አስመርመሩ።
- ሀርታል ከታወጀ፦ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሱቅና ትራንስፖርት የሚዘጋበት አድማ ነው። በረራ ካላችሁ ከንጋቱ 12 በፊት አውሮፕላን ማረፊያ ድረሱ። ካልሆነ ከዋዜማው ውኃና ምግብ ገዝታችሁ ማረፊያችሁ ዋሉ።
- ፓስፖርት ከጠፋ፦ መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ የጽሑፍ ማስረጃ አውጡ። ከዚያ ኒው ዴልሂ ላለው ኤምባሲያችን ወይም ሙምባይ ላለው ቆንስላ ደውሉ። የጉዞ ሰነዱ በእጃችሁ ሲገባ ኤፍአርአርኦ ከሚባለው የውጭ ዜጎች ምዝገባ ቢሮ የመውጫ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ እርሱ አያስወጧችሁም።
- ለማንኛውም አደጋ 112፣ ለአምቡላንስ 108 ደውሉ።

ደረጃ 12፦ መውጫው

ከቫርካላ ታክሲውን በዋዜማው ያዙ፤ ከበረራው አራት ሰዓት ቀድማችሁ ተነሱ። የትሪቫንድረም አውሮፕላን ማረፊያ ከሌላው የሚለይበት ነገር አለው፦ በዓመት ሁለት ጊዜ የቤተ መቅደሱ ዑደት በማኮብኮቢያው መሀል አልፎ ወደ ባሕር ስለሚወርድ በረራ ለሰዓታት ይቆማል። አንዱ በማርችና በኤፕሪል መካከል፣ ሌላው በኦክቶበርና በኖቬምበር መካከል ነው። በእነዚህ ወራት ከሄዳችሁ አየር መንገዱ ሰዓት መቀየር አለመቀየሩን ከሁለት ቀን በፊት ፈትሹ።

ቅመምና የሙዝ ጥብስ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ደረቅ ኮኮናት ግን ዘይቱ እሳት ስለሚይዝ አይፈቀድም፤ ፍተሻው ላይ ሻንጣ አስከፍተው ያወጡታል። ያልጨረሳችሁትን ሩፒ ከፍተሻው በፊት ባለው መስኮት መልሳችሁ ቀይሩ፤ ደረሰኙን ያዙ ያልኳችሁ ለዚህ ነው፣ ይጠይቋችኋል።